ስለ ፓርቲ ጉባኤ የተነገሩ የማይረሱ ቃላት፦ ለደሴ የንባብ ክበብ ሰሌዳ ጥቆማ እንፈልጋለን

የጦሳ ግርጌ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐይቅ እስከ ወልድያ፣ ከወረኢሉ እስከ ባቲ ያላችሁ ሁሉ እርዱን። ደሴ ያለው የንባብ ክበባችን በየወሩ አንድ ርዕስ እየመረጠ የግድግዳ ሰሌዳ ያዘጋጃል። ቀጣዩ ርዕስ ስለ ፓርቲ ጉባኤ፣ ወይም በጉባኤው መድረክ ላይ፣ የተነገሩ የማይረሱ ቃላት ነው። ሰሌዳው 16 ካርድ ይይዛል። አንዱ ካርድ የኤ-ፎር ወረቀት ግማሽ ሲሆን ሰው ቆሞ ስለሚያነበው ከ70 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። እስካሁን ከየድረ ገጹ የለቀምናቸው ጥቅሶች አንድ መስመር ንግግርና የተናጋሪ ስም ብቻ ናቸው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቢያነባቸው ምን ተፈጥሮ እንደተባሉ አይገባውም። የምታውቁትን ከነምክንያቱ ጻፉልን፤ የአገር ውስጥም የውጭም ይሁን። ለየትኛውም ፓርቲ ቅስቀሳ እንዳይሆንብን ግን አደራ።

ላኮመልዛ

እህትዓለም፣ ርዕሱ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልምከር፦ ከእያንዳንዱ ጥቅስ ስር የጉባኤውን የድምፅ ደንብ ጻፉ። ስንት ሰው ድምፅ ነበረው? ለማሸነፍ ስንት ያስፈልግ ነበር? ድምፁ በእጅ ነው፣ በምስጢር ነው፣ ወይስ በጭብጨባ? ከጉባኤ የወጡ ታዋቂ ንግግሮች አብዛኞቹ የተወለዱት ከደንቡ ነው። ደንቡ ከተነሳ ንግግሩ ቅኔ ይመስላል እንጂ አይገባም።

የ1924ቱን (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ዴሞክራቶች ጉባኤ እንይ። የተካሄደው ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 9 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጋዜጠኛው ኤች.ኤል. ሜንከን ስለ ሀገር አቀፍ ጉባኤ የጻፈው ዝነኛ ቃል የዚያ ዓመት ነው። አሳቡ ባጭሩ፦ ጉባኤ እንደ ስቅላት ቅጣት ትዕይንት ሰውን አፍዝዞ የሚይዝ ነገር አለው፤ ባለጌ ነው፣ አስቀያሚ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ አእምሮንም መቀመጫንም ያደክማል፤ ሆኖም ያምራል፤ ድንገት የሚመጣው ትርኢት ዓመት ሙሉ በአንድ ሰዓት ያኖራል። ይህን ብቻ ብትሰቅሉት ሰውየው ተሳዳቢ ይመስላል። ደንቡን ስታዩት ግን የድካሙ ምክንያት ቁልጭ ይላል።

የዴሞክራቶች ደንብ የፓርቲው ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለመሆን ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ይጠይቅ ነበር። ጠቅላላው ድምፅ 1,098 ስለነበር የሚያስፈልገው 732 ነው። ስለዚህ 367 ድምፅ የያዘ ቡድን ሌላውን ማገድ ይችላል። ዊልያም ማካዱ በደቡብና በምዕራብ፣ የኒውዮርኩ ገዥ አል ስሚዝ በምሥራቅና በትልልቅ ከተሞች ጠንካሮች ነበሩ። ስሚዝ ካቶሊክ ነው፤ ጥቁሮችንና ካቶሊኮችን የሚጠላው ድርጅት ኩ ክሉክስ ክላን ደግሞ በስም ይወገዝ ወይስ አይወገዝ በሚለው ጉባኤው ከሁለት ተሰንጥቆ ውግዘቱ ከአንድ ድምፅ ባነሰ ልዩነት ወደቀ (ክልሎች አንዱን ድምፅ ለብዙ ልዑካን ስለሚከፋፍሉ ክፍልፋይ ድምፅ ነበር)። ከዚያ በኋላ አንዱ ለሌላው መልቀቅ አልቻለም። ማካዱ ወደ ግማሽ ድምፅ ቢጠጋም አላለፈም፤ ስሚዝን ለማገድ ሲሶው ይበቃው ነበር። 103 ዙር ድምፅ ተሰጠ። በመጨረሻ ሁለቱም ቀርተው በመጀመሪያው ዙር 31 ድምፅ ብቻ የነበረው ጆን ዴቪስ ዕጩ ሆነ። በምርጫው በሪፐብሊካኑ ኩሊጅ ተሸነፈ።

ከዚሁ ጉባኤ ሌላም ካርድ ይወጣል፦ «አላባማ 24 ድምፅ ለኦስካር ደብልዩ አንደርዉድ!» የአላባማ ገዥ ብራንደን በየዙሩ በከፍተኛ ድምፅ ይላት ነበር። ክልሎች የሚጠሩት በፊደል ተራ ነው፣ አላባማ ቀዳሚ ናት። ያ ዓመት ደግሞ ጉባኤ በሬዲዮ በቀጥታ መሰራጨት የጀመረበት ነው። አገሩ በየቤቱ እየሰማ አብሮ ይደግማት ጀመር። ንግግሩ ራሱ ምንም ውበት የለውም፤ ያስታወሰው የጥሪው ተራ፣ የዙሩ ብዛትና ሬዲዮው ነው።

ከሦስት ሁለት እጅ የሚለው ደንብ የተሻረው በ1936 ነው።

የባቲ መንገድ

ማሻ አላህ ላኮመልዛ። ቀልደኛውን ዊል ሮጀርስንም ጨምሩበት፤ የ1924ቱን ጉባኤ ለጋዜጦች የዘገበ ነው። «እኔ የተደራጀ የፖለቲካ ፓርቲ አባል አይደለሁም፤ ዴሞክራት ነኝ» የሚለው ቃል የእሱ ነው። ከ103ቱ ዙር ካርድ አጠገብ ቢሰቀል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወረኢሉ ማዶ

«ጭስ የሞላበት ክፍል» (ጥቂት ሰዎች በጓዳ የሚወስኑበት ማለት ነው) የሚለው እንዳይረሳ። 1920፣ ቺካጎ፣ የሪፐብሊካን ጉባኤ። ዓርብ ዕለት አራት ዙር ድምፅ ተሰጥቶ ማንም አላለፈም፤ ጉባኤው ለቅዳሜ ተላለፈ። ሌሊቱን ሴናተሮች ብላክስቶን ሆቴል ውስጥ ሲወጡ ሲገቡ አደሩ። የዋረን ሃርዲንግ ዘመቻ መሪ ሃሪ ዶሄርቲ ከወራት በፊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም አሥራ አምስት ያህል የደከማቸው ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይወስናሉ ብሎ ተንብዮ ነበር። ሃርዲንግ በአሥረኛው ዙር አለፈ።

ካርዱ ላይ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው «እዚያ ክፍል ውስጥ ተወስኖ ጠዋት ታወጀ» ብሎ ይጽፋል። አይደለም፤ ቅዳሜ ስድስት ተጨማሪ ዙር አስፈልጓል፣ ሃርዲንግም መሪነቱን የያዘው ዘጠነኛው ዙር ላይ ነው። ከጓዳ የወጣ ሐሳብ ቢኖር እንኳ የልዑካኑ ድምፅ እስኪቆጠር ድረስ ጸንቶ አልቆመም። ንግግሩ ዝነኛ የሆነው ሰው ስለ ጉባኤ አስቀድሞ የሚጠረጥረውን ስላረጋገጠለት ነው። ካርዱ «ተባለ»ንና «ሆነ»ን ካልለየ ጥርጣሬውን እውነት አድርጎ ያስተምራል።

የጦሳ ግርጌ

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ይህንኑ ስለ ልዑካን ማንነት የሚያሳይ አለ? ማለቴ ማን ገብቶ ድምፅ ይሰጣል የሚለውን።

ሐይቅ ዳር

አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የጥቁሮች መብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሃመር፣ ነሐሴ 22 ቀን 1964 እ.ኤ.አ.፣ አትላንቲክ ሲቲ፣ የዴሞክራቶች ጉባኤ።

ስፍራውን በደንብ ለዩት። የተናገረችው ዋናው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን የልዑካንን ውክልና በሚመረምረው ኮሚቴ ፊት ነው። የማንኛውም ጉባኤ የመጀመሪያ በር ይህ ኮሚቴ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ከተወሰነ በኋላ የሚሰጠው ድምፅ በግማሽ የታወቀ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች ከፓርቲው ስብሰባዎች ስለተገለሉ የራሳቸውን የነፃነት ዴሞክራቲክ ፓርቲ አቋቁመው፣ ሕጋዊው የክልሉ ልዑክ እኛ ነን ብለው መጡ። ሃመር በመራጭነት ልመዝገብ በማለቷ ከእርሻው መባረሯን፣ ዊኖና እስር ቤት ውስጥ መደብደቧን ተናገረች። ነፃነት ፓርቲው ካልተቀመጠ አሜሪካን እጠይቃታለሁ አለች፤ የነፃነት አገር የምትባለው፣ ሕይወታችን በየቀኑ ስለሚዛትበት ስልካችንን ነቅለን የምንተኛባት አሜሪካ ይህች ናት ወይ ብላ ጠየቀች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ካሜራው ከእሷ ላይ እንዲነሳ ድንገተኛ መግለጫ ጠሩ። ቴሌቪዥኖቹ ግን ማታ ቃሏን ደግመው አሳዩት፤ የበለጠ ሰው አየው።

መፍትሔ ተብሎ የቀረበላቸው ሁለት ወንበር ነበር። «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለሁለት ወንበር አይደለም፤ ሁላችንም ደክሞናል» የሚለው ቃሏ ከዚያ ነው። በዚያ ጉባኤ አልተቀመጡም። በ1968 ቺካጎ ላይ ግን የሚሲሲፒው የቀድሞ ልዑክ ተከልክሎ ሁለቱም ዘሮች ያሉበት ልዑክ ተቀመጠ።

ለዚህ ሁለት ካርድ ስጡት። አንዱ ለቃሏ፣ አንዱ ለኮሚቴው አሠራር።

ላኮመልዛ

ሐይቅ ዳር ባለው ላይ፦ የ1952ቱ የሪፐብሊካን ጉባኤም በዚሁ በር ነው የተወሰነው። የቴክሳስ፣ የጆርጂያና የሉዊዚያና ልዑካን ማንነት አከራካሪ ነበር። ሴናተር ኤቨረት ዲርክሰን መድረክ ላይ ሆኖ ጣቱን ቀድሞ ዕጩ ሆኖ ወደተሸነፈውና ያኔ አይዘንሃወርን ወደሚደግፈው ቶማስ ዲዊ ቀስሮ «ከዚህ በፊት ተከተልንህ፣ ወደ ሽንፈት መራኸን» አለ። አዳራሹ ተናወጠ። ድምፁ ሲቆጠር ግን የዲዊ ወገን አሸነፈ፣ አይዘንሃወርም ዕጩ ሆነ። ጭብጨባና ቆጠራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ካርድ አይገኝም።

ቧንቧ ውሃ

ሁሉም አሜሪካ ሆነሳ። የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲን ልጨምር።

የፓርቲው መሪ ሂዩ ጌትስኬል፣ 1960፣ ስካርቦሮ፣ እንግሊዝ ኑክሌር መሣሪያዋን በራሷ ትተው የሚለውን ሐሳብ ሲቃወም፦ «የምንወደውን ፓርቲ ለማዳን እንታገላለን፣ እንታገላለን፣ ደግመን እንታገላለን።» የተናገረው እንደሚሸነፍ እያወቀ ነው። ምክንያቱም ሠራተኛ ማኅበራት በጅምላ ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ አንድ የማኅበር መሪ አንድ ካርድ ሲያነሳ የማኅበሩ አባላት ቁጥር በሙሉ፣ አንዳንዴ ከሚሊዮን በላይ፣ ይቆጠራል። የማኅበራቱ ውሳኔ ደግሞ ከጉባኤው በፊት በየራሳቸው ስብሰባ አልቋል። ስለዚህ ንግግሩ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ቆጠራ ሊለውጥ አይችልም ነበር። ያነጣጠረው በሚቀጥለው ዓመት ላይ ነው፤ በ1961 ብላክፑል ላይ ስለ ኑክሌር መሣሪያ የተላለፈው ውሳኔ ተገለበጠ። በዚህ ዓይነት ደንብ ውስጥ ያለ ተናጋሪ የሚያናግረው አዳራሹን ሳይሆን ከአዳራሹ ውጭ ያለውን አባል ነው።

ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን ደግሞ አርተር ባልፎር «ከፓርቲው ጉባኤ ምክር ከምቀበል ከቤት አሽከሬ ብቀበል ይሻለኛል» ማለቱ በስፋት ይነገርለታል። «ይባላል» ብላችሁ ጻፉት። የእነሱ ጉባኤ መሪውን የሚያስገድድ ውሳኔ የሚያሳልፍበት ደንብ አልነበረውም፤ ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የባቲ መንገድ

አፍሪካስ? ፖሎክዋኔ፣ ታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ.፣ የደቡብ አፍሪካው ፓርቲ የኤ.ኤን.ሲ. ጉባኤ፤ የመሪ ምርጫ። ጃኮብ ዙማ 2,329፣ ታቦ ምቤኪ 1,505። እዚያ የማይረሳው ምልክት ነው፤ የዙማ ደጋፊዎች ኳስ ሜዳ ላይ አሠልጣኝ ተጫዋች ሲቀይር እንደሚያደርገው ሁለት እጃቸውን ያሽከረክሩ ነበር። ይቀየር ማለታቸው ነው። ሌላው ፍሬ ነገር የቆጠራው ክርክር ነው፦ ልዑካኑ በኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን በእጅ ይቆጠር ብለው ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። አራት ሺህ ያህል ወረቀት በእጅ መቁጠር ጊዜ ይበላል፤ የተሸነፈው ወገን ውጤቱን እንዲቀበል ግን የሁለቱም ታዛቢዎች ወረቀቱን በዓይናቸው ማየታቸው ያግዛል።

ወረኢሉ ማዶ

ስለ ጉባኤ ከተነገሩት ሁሉ የሚከብደው የሶቭየቱ መሪ የክሩሽቾቭ ነው። የካቲት 25 ቀን 1956 እ.ኤ.አ.፣ 20ኛው የሶቭየት ኮሙኒስት ፓርቲ ጉባኤ፣ ዝግ ስብሰባ። ስለ 17ኛው ጉባኤ ተናገረ፤ በ1934 የተካሄደውና «የድል አድራጊዎች ጉባኤ» የተባለው ማለት ነው። ከ1,966 ልዑካን 1,108ቱ በኋላ በፀረ አብዮት ወንጀል ተይዘዋል፣ ከተመረጡት 139 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትና ተለዋጮች 98ቱ ተይዘው ተረሽነዋል አለ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም በአንድነት ያጨበጭብ ነበር።

ካርዱ ላይ ሌላ ቃል አትጨምሩ። አራቱ ቁጥሮች ይበቃሉ።

ላኮመልዛ

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ወሎ ላይ የምትሰቅሉት ሰሌዳ ይህን ማለፍ የለበትም። የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ ጉባኤ የተከፈተው ጳጉሜን 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲሆን እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ዘልቋል። መስከረም 2 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተከበረ። በዚያው ሰሞን ኮረም፣ ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር፣ በረሃብ የተሰደደ ሕዝብ ሰፍሮባት ነበር። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በበዓሉ መድረክ ረሃቡ ቦታ አላገኘም። ስለዚህ ጉባኤ የሚሰቀለው ካርድ የተባለውን ሳይሆን ያልተባለውን ይያዝ፤ በአንድ ረድፍ ሦስቱን ቀኖች፣ በሌላ ረድፍ የቦታዎቹን ስም። የኛ አንባቢ የቀረውን ያውቀዋል።

የዓመተ ምሕረቱ ነገር ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ጉባኤው በ1984 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሰባት ብቻ ቀንሰው 1977 የሚሉ አሉ። ጳጉሜን ውስጥ ልዩነቱ ገና ስምንት ነው፤ ሰባት የሚሆነው ከመስከረም 1 ጀምሮ ነው።

ሐይቅ ዳር

የኢሕአዴግን ደንብም አስገቡ፤ ወጣቱ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ምክር ቤቱ 180 ሰው ነበረው፣ ከአራቱ ድርጅቶች እኩል 45፣ 45። ሥራ አስፈጻሚው 36፣ እኩል ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። የሚወክሉት ሕዝብ ብዛት ቢለያይም ወንበሩ እኩል ነበር። በዚህ ደንብ የትኛውም ድርጅት ብቻውን ሊቀመንበር ማስመረጥ አይችልም ነበር፤ ከ45 ውጭ ሌላ ድምፅ ማግኘት ነበረበት። መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ለሊቀመንበርነት በተሰጠው ድምፅ ዶክተር ዐቢይ አህመድ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 አገኙ።

እዚህ ላይ ስሌቱን አስተምሩበት። ሦስቱ ሲደመሩ 169 ነው። 108ቱ ድምፅ ከሰጡት 63.9 በመቶ፣ ከ180ው ግን 60 በመቶ ናቸው። ጋዜጣ ላይ «ይህን ያህል በመቶ» ሲባል ከምን ተካፍሎ እንደሆነ ካልተጻፈ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ከስድስት ወር በኋላ ሐዋሳ ላይ፣ መስከረም 25 ቀን 2011፣ ለዚያው ወንበር ዶክተር ዐቢይ ከ177 ድምፅ 176 አገኙ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስቀሉ፤ አስተያየት አትጨምሩበት።

ቧንቧ ውሃ

የቦሩ ሜዳን ጉባኤስ? እዚሁ ደጃችን ነው፤ 1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ የጠሩት።

ላኮመልዛ

ቧንቧ ውሃ፣ እሱን ከዚህ ሰሌዳ አውጣው። ቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ጠሪውም ፈራጁም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ልዑክ የለም፣ ቆጠራ የለም። በወሎ ሕዝበ ሙስሊም ላይ ያስከተለው ነገርም በ70 ቃል የሚነገር አይደለም። ራሱን የቻለ ወር ይገባዋል። ለንጽጽር ያህል ከፈለጋችሁ አባጋሮችን (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎችን) ውሰዱ፦ በዱአ ተከፍቶ፣ ሁሉም ወገን ተናግሮ እስኪጨርስ ተጠብቆ፣ ተበዳዩም በዳዩም እሺ ካላለ የማይዘጋ ሸንጎ። በቆጠራ የሚያልቅና በስምምነት የሚያልቅ ስብሰባ ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

ወረኢሉ ማዶ

በዚህ እስማማለሁ። የጦሳ ግርጌ፣ ተማሪዎቹ የአገር ውስጥ የጉባኤ ዜና ሲያነቡ የሚጠይቁትን ከሰሌዳው ግርጌ ጻፉላቸው። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ሲባል ከስንት ስንት ተገኘ? በድምፅና ያለ ድምፅ የተሳተፉት ተለይተዋል? አስመራጭ ኮሚቴውን ማን ጠቆመው? የተጠቆሙት ከወንበሩ ቁጥር ይበልጣሉ? 45 ወንበር ይዞ 45 ሰው የሚጠቁም ጉባኤ ምርጫ አያካሂድም፣ ያጸድቃል እንጂ። ድምፀ ተአቅቦ ተቆጥሯል? የአቋም መግለጫው መቼ ተረቀቀ? ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን በመዝጊያው ቀን የሚነበብ አራት ገጽ መግለጫ ውይይቱ ሳያልቅ ተተይቦ ከሆነ፣ ውይይቱ ውስጥ የተነሳው ነገር አይገባበትም። አንድ አንቀጽ እንኳ ከመድረኩ ክርክር የመጣ መሆኑን ፈልጋችሁ እዩ።

የጦሳ ግርጌ

በጣም ጠቀማችሁን። አንድ ናሙና ካርድ ጽፋችሁ ብታሳዩን ሌሎቹን በዚያው ልክ እንሠራለን። ብራያንንም «የወርቅ መስቀል»ን አስበን ነበር።

ላኮመልዛ

እንግዲያው በብራያን ልሥራው፦

*«የሰውን ልጅ በወርቅ መስቀል ላይ አትሰቅሉትም።» ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ ቺካጎ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.፣ የዴሞክራቶች ጉባኤ። ክርክሩ፦ ገንዘብ በወርቅ ብቻ ይመዘን ወይስ በብርም? ባለዕዳው ገበሬ ብርን ይደግፍ ነበር። ተናጋሪው የ36 ዓመት ሰው ነው። ደንቡ፦ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ። ውጤቱ፦ በማግስቱ በአምስተኛው ዙር ዕጩ ሆነ፤ በምርጫው በማኪንሊ ተሸነፈ።*

ከ70 ቃል በታች ነው። ጥቅሱን ወፍራም አድርጉት፣ «ደንቡ» የሚለውን መስመር በሌላ ቀለም ጻፉት፤ በ16ቱም ካርድ ላይ ከታች በኩል እኩል ቦታ ላይ ይዋል፣ ሰው በዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እያነጻጸረ እንዲሄድ። የክሩሽቾቭንና የኮረሙን አንድ ረድፍ ላይ አድርጉ።